የአባታችን ቸርኬ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሀብተማርያም፣ እምድብር

እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የገርጂው የካቶሊክ ትምህርት ቤታችን ባለፈው እሁድ ስልሳኛ ዓመቱን አከበረ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዘበኛ ሳሉ ግራሩ ላይ የሰቀሉት የጭነት መኪና ቸርኬ ዛሬም ደወላችን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ደወል ተገዝቶ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዲዳ ይሆናል። የእኛው ግን እስከ ኢምፔሪያል አደባባይ ይሰማል! አውሮፕላን አብራሪ የሆነው ተማሪዬ ብሩክ ከቦሌ በዩኒፎርሙ መጥቶ «ቲቸር፣ ዛሬ እኔ ልምታው» ብሎ ሲለምነኝ ደረቴን ነፋሁ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኛ!

ሌላዋ ተማሪዬ ሐሚዳ ደግሞ ልጇን አንደኛ ክፍል ላስመዝግብ ብላ መጣች። ምዝገባው ዘንድሮ ገና አልተጀመረም አልኳት። ሜትር የያዙ የክፍለ ከተማ ሰዎች ሁለቴ መጥተው አጥሩን ለክተው፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውበት ሄደዋል። ልጆቹ መደመር ይለማመዱበታል፤ ጎበዞች ናቸው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እመቤታችን በያላችሁበት ትጠብቅልኝ።

እህትዎ ብርቅነሽ

እንዳልረሳው፦ ደጅዎ ያለው ዝግባ ቅርንጫፉ እንዴት ነው? ቸርኬ ይሸከማል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።