በዘይት ቀለም የተጻፈ ተመን

ሰኞ፣ ሐምሌ 22። ጠዋት 3፡30

ባንኩ ግድግዳ ላይ የምንዛሪ ተመኑን ለጠፍኩ። አንዱን ወረቀት ለጥፌ ሳልጨርስ ሌላ መጣ። ከዛሬ ጀምሮ የዶላርን ዋጋ ባንኮች ራሳቸው ይወስናሉ ተብሏል። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ቁጥሩን ያያል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሦስቴ አንብቦ ወጣ። ምንዛሪ መስኮት ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ማስታወሻዬ። እንዲህ ሲዘል አላየሁም።

ማታ 1 ሰዓት

ታቦር ሰፈር፣ ቤት። ለአባባ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አለፈ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል ቢላቸውም እምቢ ብለዋል። እማዬ ከሞተች ወዲህ ምን የማየው አለ ባይ ናቸው። ከአልጋ እምብዛም አይወርዱም። ዛሬ ግን ቁጥሩን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ተመልሰው ተኙ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ዛሬ አወሩ። በወጣትነታቸው፣ ከተማው ገና አዋሳ ሲባል፣ የእኔው ሥራ ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር፦ የተመኑን ሰሌዳ የጻፉት በዘይት ቀለም ነው። አንድ ዶላር፣ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም። ዓመት ሄዶ ዓመት ቢመጣ ያው ነው።

«ቀለሙ ሲደበዝዝ አድሰዋለሁ እንጂ ቁጥሩንስ ነክቼው አላውቅም» አሉ።

እኔ በእርሳስ ለመጻፍ እንኳ የምፈራውን። ቁጭ ብዬ ፊታቸውን ሳይ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 26

ዛሬ ስለ አባታቸው፣ ስለ አያቴ አወሩ። ይርጋለም ከተማ ቡና ይሸጡ ነበር። ከማርትሬዛ ጠገራ ብር ሌላ አይቀበሉም። ሐሰተኛ እንዳይሆን ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ይሰማሉ፣ ከዚያ ነው ቡናው የሚሰፈረው። የወረቀት ብር የመጣ ጊዜ፣ ዝናብ የሚያበሰብሰው ነገር ምኑ ገንዘብ ነው ብለው ገዢውን መለሱት። ቡናው ቤት ከረመ። የእሳቸው አባት ደግሞ በአሞሌ ጨው ነበር የሚገበያዩት።

ጨው፣ የማያውቋት የባዕድ ንግሥት ፊት ያለበት ብር፣ ወረቀት፣ አሁን ደግሞ ስልኬ ላይ ያለ ቁጥር። ሁሉም በአንድ ቤት፣ በአራት ትውልድ።

አያቴን በመጨረሻ ማን አሳመናቸው? አልኳቸው።

«ማንም። ጨው ሻጩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያጥፍ አባቴ በዓይኑ አየ።»

ይህን ብለው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7። ማታ 12፡30

ከሥራ ስመለስ አባባ በረንዳ ላይ ናቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል። ብቻቸውን ነው የወጡት፣ ግድግዳ እየዳበሱ። የዛሬውን ተመን ልነግራቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተይው ልጄ፣ አትንገሪኝ። ባንክ ሄጄ ራሴ አነበዋለሁ። እዚያ ሐኪም ጋ ደውይ።»

ሐሳባቸው ሳይለወጥ ብዬ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ጠዋት ነው፣ የቀኙ ዓይን በመጀመሪያ። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። የዚያን ዕለት ተመኑን ሌላ ሰው ይለጥፋል።