ጥያቄያችንን ትተው መልሱን ላነበቡልን እንደራሴ

ለተከበሩ የምክር ቤት እንደራሴያችን፣
በኋለኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ስለ እኛ ብዙ ለደከመው ጉሮሮዎ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ ቃለ መሐላ የፈጸሙበትን ኮት የሰፋሁልዎት ልብስ ሰፊ ነኝ። የምክር ቤቱ ውሎ በሬዲዮ ሲተላለፍ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ስለማዳምጥ፣ በዚህ ዓመት ላደረጓቸው ልዩ ልዩ አስተዋጽኦዎች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ትምህርት ረቂቅ ሕግ ክርክር በጦፈበት ሰዓት ተነሥተው መስኮቱ እንዲዘጋ ጠየቁ፤ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች ውጤት ያገኘው ይህ ስለሆነ ሠፈራችን ኮርቷል።

፪. ስለ ባሕር ዓሣ ማስገር ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። እኛ መራጮችዎ ባሕር አይተን ስለማናውቅ ትምህርት ሆኖናል።

፫. «ከእኔ በፊት የተናገሩትን የተከበሩ አባል ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ» ብለው ተቀመጡ። የዕለቱ የመጀመሪያ ተናጋሪ እርስዎ ነበሩ። ሱቄ ውስጥ አብሮኝ የሚያዳምጠው ሰው ሲስቅ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ «ምን ያስቃችኋል፣ ጠዋት ሚስቱ የነገረችውን ይሆናላ የደገፈው» ብሎ ተከላክሎልዎታል።

፬. ጎርፍ የወሰደው ድልድያችን። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ እንደቀረ ያውቃሉ፤ ሁለት መቶ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ በእጅዎ ተቀብለዋል። ባለፈው ማክሰኞ ተራዎ ደርሶ ሲነሡ ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። እርስዎ ግን የእኛን ወረቀት ትተው፣ አስቀድሞ ለአባላት የታደለውን የሚኒስትሩን መልስ አነሡና «ጉዳዩ በጥናት ላይ ስለሆነ ሕዝቡ በትዕግሥት ይጠብቅ» ብለው አነበቡልን። ሚኒስትሩም የሚጨምሩት ስላጡ አመስግነውዎት ተቀመጡ። ጠያቂም ከልካይም ሆኖ በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ ጭኜ ለጸሎት ብቆም አፍራለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በምርጫው ሰሞን «ይህ ሰውዬ የሚያምርበት ዝም ሲል ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ኮቱ ልክክ ሲልብዎት ባየሁ ጊዜ ሰውየውም ልክ መስሎኝ ቤት ለቤት ዞሬ ቀሰቀስኩልዎት። ለካ የመረጥኩት የራሴን ስፌት ኖሯል። ይህንንም ለፈጣሪዬ ተናዝዣለሁ።

ታላቋ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ውሃው ወገብ ይደርሳል፤ ምጥ ደግሞ ጥናት አይጠብቅም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ከዕረፍት ሲመለስ ጥያቄያችንን ብቻ፣ ምንም ሳይጨምሩበት፣ እንዲያነቡልን በትሕትና እለምናለሁ።

እርስዎ ለመናገር በተነሡ ቁጥር ልቡ ድንግጥ የሚለው፣ ስለ እርስዎ መጸለዩን ግን ያላቋረጠው፣
አክባሪ መራጭዎና ልብስ ሰፊዎ

ማስታወሻ፦ ድልድዩ እስከዚያ ካልተሠራ ልጄን በቃሬዛ ለማሻገር አራት ሰው ያስፈልጋል። ባሏ፣ ፀጉር አስተካካዩና እኔ አለን። አራተኛውን እጀታ ለእርስዎ ይዘንልዎታል፤ ሥራው ንግግር አይጠይቅም።