ከወሎ ሰፈር የገዛሁት ማዳመጫ

ልጄ ሶሬቲ፣ የጌታ ሰላም እዚያ ኖርዌይ ድረስ ይድረስሽ፤ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺ ብቻ ብርዱን ተጠንቀቂ።

«አባዬ፣ ማዳመጫ ብቻህን እንዳትገዛ፣ ፌክ ይሸጡልሃል» ብለሽኝ ነበር። ብቻዬን ሄጄ ገዛሁ! እናትሽ ወደ ጌታ ከሄደች ወዲህ፣ በስልኬ እሷ የዘመረችበትን የድሮ የኳየር መዝሙር ስከፍት ድምጿን መለየት አቅቶኝ ነበርና አላስችል አለኝ።

ወሎ ሰፈር ያለው ሻጭ መጀመሪያ ያልተከፈተ ካርቶን አወጣና «አባባ፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። አስከፈትኩት። የፈረንጅ ፊደል ቢያደናግረኝም ቁጥር አያታልለኝም፤ የካርቶኑንና የዕቃውን ቁጥር ሳስተያይ አይገጥምም። «ይሄንን ለሌላ አባባ ሽጥ!» አልኩት። እየሳቀ ያገለገለ፣ ታድሶ የመጣ ሌላ አቀረበልኝ። ጠርዙ ተጭሯል፤ ቁጥሩ ግን ከካርቶኑ ጋር ልክ ነው።

መዝሙሩን አስከፍቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የታክሲው ጩኸት ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ሴት መሃል እናትሽ ተራዋን ሳትጠብቅ ቀድማ ስትጀምር ሰማኋት! «እንቁ ናት! ሚስቴ ናት!» ብዬ ስጮህ ሱቁ በሙሉ ዞረ። «አባባ፣ እኛ እንሰማለን፣ ቀስ ይበሉ» አለኝ ሻጩ።

የእጅሽ ሥራ ይባረክ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ካላነሳሁ አትደንግጪ። እናትሽን እየሰማሁ ነው።

አባትሽ ተካልኝ