እስክትድን ድረስ በር ለተዘጋባት ተማሪዎ

ለክቡር ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቅዎት ለወግ ያህል አይደለም፤ በእርስዎ ቅጥር ግቢ ጤና ማለት እንደ ዩኒፎርም ሁሉ በር ላይ የሚታይ የመግቢያ ግዴታ መሆኑን ስለተማርኩ፣ ድንገት ጉንፋን ቢጤ ይዞዎት ከገዛ በርዎ እንዳይመለሱ ከልብ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ዘንድሮ በፋርማሲ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ፣ የምረቃ ፎቶዬ ሳሎን ከተሰቀለ ወዲህ እናቴ ለጎረቤቱ ራስ ምታት ሁሉ የምትጠራኝ ወጣት ነኝ። እርስዎ የሚያውቁኝ ግን የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎ ታላቅ እህት በመሆኔ ነው። እህቴን እኛ ቤት «አለቃ» እንላታለን፤ ገና የበሩ እጀታ ላይ ሳትደርስ ጀምራ የቤቱን ሰው ሁሉ ስታዝዝ ነው ያደገችው። አለቃ የስኳር ሕመም አለባት። ምግብ ከመብላቷ በፊት ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በትንሽ መርፌ ሆዷ ላይ ትወጋለች፤ የምትወጋውም ራሷ ናት፣ ፊቷን እንኳ ሳታጨማድድ። ምሳ የምትበላው ትምህርት ቤት ስለሆነ የምሳው መርፌ እዚያው መወጋት አለበት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጥርስ የመቦረሽን ያህል እንኳ ጊዜ አይፈጅም። ይህችን ትንሽ ነገር ታላቅ ጉዳይ ስላደረጉልን ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለደኅንነታችን ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የእህቴ መርፌ «ስለታም ነገር» ተብሎ ጥበቃው ዘንድ እንዲቀር አዘዙ፤ እርሷም ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሳህኗን ይዛ ወደ ጥበቃው ክፍል መሮጥ ጀመረች። ጥበቃው አባባ ልብሷን ገለጥ ስታደርግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ጨረስሽ እናቴ? እኔስ መርፌ ከምወጋ ሌባ ቢመጣብኝ ይሻለኛል» እያሉ ያስቋት ነበር። ሳቁ ቢሮዎ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ የጥበቃ ክፍል ክሊኒክ አይደለም ብለው ይህንንም ከለከሉ። ልክ ነዎት፣ አይደለም። ክሊኒኩ የት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። በዚያው ሰሞን እያንዳንዱ ተማሪ ለሒሳብ ትምህርት ኮምፓስ ይዞ እንዲመጣ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። የኮምፓሱ ሹል ጫፍ ከእህቴ መርፌ ይረዝማል፣ ይወፍራልም፤ ይሁን እንጂ ክብ ይሠራል እንጂ ነፍስ አያቆይምና ማንም በር ላይ አላስቀረውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። አዲስ ምሩቅ መቼም ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ መምህራኑን ያለ ክፍያ ላሠለጥን፣ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከነቁልፉ ከቤቴ ላመጣ፣ ምን ሲታይባት ምን እንደሚደረግ በሥዕል ያዘጋጀሁትን ወረቀት ይዤ፣ ጫማዬን ወልውዬ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ «የኔ ልጅ፣ አንቺ መጀመሪያ ሥራ ያዢ፤ ከዚያ እኛን ታሠለጥኚናለሽ» አሉኝ። ደግሞም መድኃኒት በግቢያችን ተወስዶ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል አሉኝ። መድኃኒቱ ሳይወሰድ አንድ ነገር ቢፈጠርስ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ደግሜም ጻፍኩ፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው የእርስዎ ሥራ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ የአለቃ የራሷ ዘዴ ነው። ምሳ ካልበላሁ መርፌ አልፈልግም ብላ ምሳዋን ለጓደኛዋ መስጠት ጀመረች፤ ባዶውን ሳህን ወደ ቤት ስታመጣ እናቴ «ተመስገን፣ ልጄ መብላት ጀመረች» ትል ነበር። ነገር ግን ጠዋት የተወጋችው መድኃኒት በሰውነቷ ውስጥ ሥራውን አያቆምምና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ስኳሯ ወርዶ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት። ለዚህ ብላ የያዘቻትን ከረሜላ ብታወጣ መምህሩ ክፍል ውስጥ አይበላም ብለው ተቀበሏት፤ ወዲያው ከአግዳሚው ላይ ወደቀች። መምህሩን አልቀየማቸውም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሊነግራቸው የመጣው ሰው ሥራ እንዲይዝ ተመክሮ ተሸኝቷል።

አራተኛ፣ ስለ ጻፉልን ደብዳቤ። ተማሪዋ «መድኃኒት ከመውሰድ ነፃ ሆና ሙሉ በሙሉ መዳኗን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ እስክታቀርብ ድረስ» ቤቷ እንድትቆይ፣ ስትድንም በደስታ እንደሚቀበሏት ይላል። ክቡር ሆይ፣ የአለቃ ሕመም በመድኃኒት አብረውት የሚኖሩት እንጂ የሚድን አይደለም፤ ማስረጃውን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እርሷ ግን ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አነበበችና «አንቺ ተመርቀሽ የለም እንዴ? ድናለች ብለሽ ጻፊልኛ» አለችኝ። አልችልም አልኳት። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?» አለችኝ።

ቤታችን ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ የምሳ ደወሉ ይሰማናል። አለቃ ደወሉ ሲደወል መርፌዋን ይዛ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋ ነበር። እኛም ይህች ልጅ ደወል ሳትስት ትወጋለች እያልን እንኮራባት ነበር። አንድ ጠዋት ማስመለስ ጀመራት፤ እናቴ ሆዷን ብርድ መትቷት ነው አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን ስሸተው የበሰበሰ ፍሬ ሸተተኝ። የስኳር ሕመም ሲበረታ የሚመጣውን ይህን ሽታ በፈተና ላይ ተጠይቄ በትክክል መልሼዋለሁ፤ የእህቴ አፍ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ሆስፒታል እስክንደርስ እየደጋገመች ውኃ ውኃ ትለኝ ነበር፤ በኋላ እርሱንም ተወችው።

መድኃኒቷን ከጓዳ ባወጣሁት ጊዜ አልጎደለም። ጠዋትም፣ ማታም፣ ደወሉ ሲደወልም አልተወጋችም። ስትነቃ ለምን ብላት፣ የዳነ ሰው መድኃኒት አይወስድማ፣ ደብዳቤው ላይ አለ አለችኝ። ብዙ ታዛዥ ተማሪ እንዳለዎት አልጠራጠርም፤ ቃልዎን ነፍሷ ልትወጣ እስክትደርስ ድረስ የፈጸመች ግን ሌላ ያለች አይመስለኝም።

ይህን የምጽፍልዎት ከሆስፒታል ክፍሏ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ሐኪሞቹ ትተርፋለች ብለውናል። የምለምንዎት ትልቅ ነገር አይደለም፤ በር ያለው አንድ ክፍል፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከረሜላዋን የማይቀማት አንድ መምህር። ዩኒፎርሟን አጥቤ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ሥዕል ያለው ወረቀቴም አሁንም አለ፣ ጀርባውም ባዶ እንደሆነ ነው፤ ቢፈልጉ መልስዎን እዚያው ላይ ሊጽፉበት ይችላሉ።

የማይጎድልብዎት ጤና እንዲኖርዎት እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሥራ ገና ያልያዘችው የአለቃ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እጇ ላይ የተሰካውን ግሉኮስና መድኃኒት አይታ አለቃ በጆሮዬ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር «እዚህ መድኃኒት እንደሰጡኝ ለትምህርት ቤት እንዳትነግሪብኝ፣ እሺ?» የሚል ነበር። እኔም እሺ ብዬ ማልኩላት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በር ላይ ያገኟት ቀን እባክዎ ይህን ደብዳቤ እንዳላነበቡ ይሁኑላት። የቀደሙትን ደብዳቤዎቼን እንዳላነበቡ መሆን ስለሆነልዎት፣ ይህም አይከብድዎትም።