ሰባት ዓመት በአንድ መስመር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ጭጋግ። ከመስኮቴ ወደቡ አይታይም። ድንች ቀቅዬ በላሁ።

የማዕበሉ ምዕራፍ አለቀ… አርባ ገጽ። ሃኑስ ጀልባውን ይዞ ከወጣበት ማለዳ ጀምሮ፣ ሰዓት በሰዓት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በአንድ መስመር ዘለልኩት፦ «ሰባት ዓመት አለፈ። የሃኑስ ሞት በሕግ ታወቀ፤ ሚስቱ ማርዩንም ለመንደሩ የነፍስ አድን ጀልባ ለማስገዛት ተነሣች።»

አሳታሚዬ ባይኒር በስልክ ጮኸ። «ይሮጣል! አንባቢ ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አያገኝም!» ጥሩ ነው ማለት ነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

በአውቶቡስ ወደ እማማ ማርዩን መንደር። ረቂቁን ላነብላቸው፤ የመጽሐፉ ማርዩን እሳቸው ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሹራብ እየሠሩ ሰሙኝ። ማዕበሉን ሳነብ እጃቸው አልቆመም። «ሰባት ዓመት አለፈ» ስል ቆመ።

«በየት በኩል አለፈ?» አሉ።

«አንባቢው እንዳይሰለቸው ብዬ ነው…»

«እኔንስ አልሰለቸኝም?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማዕበሉን ማን አየው? አንተ አላየኸው፣ እኔ አላየሁት። ያን ቀን ልብስ አጥቤ በጊዜ ተኛሁ። ላላየሁት አርባ ገጽ፣ ለኖርኩበት አንድ መስመር! ተወው ልጄ፣ ይኼ መጽሐፍ ይቅር።»

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ጥቅምት 8

ለባይኒር ነገርኩት። «አባብላቸው እንጂ! ኬክ ይዘህ ሂድ።»

ኬክ? እሳቸው ሳይፈቅዱ አላወጣውም። የሦስት ዓመት ሥራ… ባይኒርም ያውቃል።

ጥቅምት 11

ዝናብ። ምንም አልጻፍኩም።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ያለ ኬክ። በር ላይ እንደቆምኩ ጠየቅኋቸው፦ ሰባቱ ዓመት ምን ይመስል ነበር?

«ተቀመጥ» አሉ።

ተቀመጥኩ። ሹራባቸውን ቀጠሉ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ከኮረብታው ላይ በግ ጮኸ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። እግሬ ደነዘዘ፣ አዛጋሁ።

«እንዲህ ነበር» አሉ።

ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን… ሬሳው አልተገኘም። «ሚስት ነኝ መበለት? በቤተ ክርስቲያን ከባለትዳሮቹ ጋር ስቀመጥ ሰው ዞሮ ያየኛል። ከመበለቶቹ ጋር ስቀመጥ አማቴ ታለቅሳለች። በሩ ላይ ቆሜ የቀረሁበት ቀን አለ።»

ጥቅምት 24፣ እሑድ

በነፋስ የደረቀ የበግ ሥጋ ከድንች ጋር አበሉኝ። ከምሳ በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው፦

«ሦስተኛው ዓመት ላይ ቱማስ ለትዳር ጠየቀኝ።»

የትኛው ቱማስ? አናጺው። ከወንዙ ማዶ፣ ቀዩ ቤት።

«ታገሠኝ አልኩት። ሁለት ክረምት ታገሠ። እሑድ እሑድ በዚህ በር ያልፋል። አይገባም… ሰው እንዳያማኝ። ከዚያ ሌላ አገባ።»

«አዘኑበት?»

«እሱ ምን ያድርግ? የእሱ ዕድሜ ይሄዳል። የቆመው የእኔ ነው።»

ሹራቡን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «እንዳትጽፈው። ሚስቱ በሕይወት አለች። ደግ ሰው ናት፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ሾርባ የምታመጣልኝ እሷ ናት።»

እሺ አልኩ። በአውቶቡስ ስመለስ ስለ ቱማስ ብቻ አሰብኩ። የታሪኩ ልብ እሱ ነው። ያለ እሱ ምን ይቀረኛል?

ኅዳር 3

አልሆነልኝም። ዓመቶቹን በተራ ሞከርኩ። አንደኛው ዓመት፣ ሁለተኛው ዓመት… የቀን መቁጠሪያ ሆነብኝ። ቀደድኩት።

ኅዳር 9

አንድ እሑድ ብቻ ብጽፍስ? ከጠዋት እስከ ማታ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሳልናገር። «እሑድ እሑድ እንዲህ ታደርግ ነበር» እያልኩ… ድንች ትልጣለች። ሁለት ሳህን ታወጣለች፣ አንዱን ትመልሳለች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ የት እንደምትቀመጥ ታስባለች። አማቷ ትመጣለች። «ዛሬስ ወሬ የለም?» «ዛሬም የለም።» ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በመንገድ ያልፋል፤ ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል። ስም የለውም።

ይኼን ማስገባት ቃል ማፍረስ ነው? አላውቅም። ይቆይ። ሲሰሙት ይፍረዱ።

ኅዳር 17

ባይኒር አነበበው። «እዚህ ውስጥ እኮ ምንም አይሆንም!»

«አዎ።»

«ሠላሳ ገጽ ሙሉ ምንም?»

«ማዕበሉን ወደ ስድስት ገጽ አውርጄዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም!» ስልኩን ዘጋብኝ።

ከእራት በፊት መልሶ ደወለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ያ በመንገድ የሚያልፈው… ለምንድን ነው የማይገባው?»



ኅዳር 26

በረዶ ጥሏል። አውቶቡሱ ዘግይቶ ደረሰ። እማማ ማርዩን ምድጃው አጠገብ ወንበር አቀረቡልኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ወደ መሃሉ ስደርስ ሲያዛጉ አየሁና ቆምኩ።

«ልተወው?»

«ሰለቸኝ» አሉ። «ቀጥል። ልክ እንዲህ ነበር።»

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሹራቡ ጭናቸው ላይ ነው፣ እጃቸው ሹራቡ ላይ።

«ያ በመንገድ የሚያልፈው ሰውዬ…»

ደነገጥኩ። «ላወጣው እችላለሁ። ስሙን አልጠራሁም…»

«ኮፍያ አድርጎ አያውቅም» አሉ። «እጁን ነበር የሚያነሣው። ግራ እጁን። አስተካክለው።»

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ አስተካከልኩ።