ዓይን ሲጨፈን የሚዘረጋ ክንድ

ጥር 14 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ዶሮ የጫረችው የመሰለ ጽሕፈቴን አንብበሽ ለመጨረስ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፤ ሕመሙ ቀኜን ካሰረው ወዲህ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። እናትሽ ደህና ናት። ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ አሁንም አንድ ቁልፍ ትዘላለች። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ የሰፋሁት ሰውዬ ልብሴ ተወላግዶ እውላለሁ።

እሁድ በስልክ «ቀኝ እጄ ተንቀሳቀሰ» ያልኩሽ እውነት አይደለም። አንቺ ግን አምነሽኝ ትምህርትሽን አቋርጠሽ መምጣቱን ተውሽው። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው ልንገርሽ።

ቅዳሜ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ አንቺን የምታክል ልጅ ናት፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። ከዚያ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ክርኔ መታጠፊያ ላይ ካለው ጅማት ጋ ደገፍ አደረገች።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ቀኝ እጅዎ የሄደ ከመሰልዎት በግራዎ ያሳዩኝ» አለችኝ።

ጨፈንኩ። ድምፁ የስፌት መኪናዬን ሞተር ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ መዘርጋት ጀመረ። ጨርቅ ወደፊት ስገፋ እንደነበረው፣ ቀስ ብሎ። ግራ እጄም ተከተለው።

«የት ደረሰ?»

«በሩ ጋ።»

አፍሬ ነው እንጂ ከበሩም አልፎ ነበር። ክንድ እንደዚያ አይረዝምም፤ ዕድሜዬን እጅጌ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ አይጠፋኝም።

ዓይኔን ስገልጥ ክንዴ ከተኛበት ንቅንቅ አላለም። መሣሪያው አእምሮን ያታልላል አለችኝ፤ ያም ቢሆን አእምሮዬ እጄን ጨርሶ እንዳይረሳው ይረዳል። «ይድናል ወይ?» አልኳት። «እንሞክራለን፣ አባባ» አለች፣ የመሣሪያውን ገመድ እየጠቀለለች።

አላለቀስኩም። መከፋትም አልመጣልኝም። መላ ሰውነቴ እንደ ክንዴ የሆነ ይመስለኛል፤ እናትሽ ስታወራኝ እንኳ የምሰማት ከሩቅ ነው። በማግስቱ አንቺ ስትደውዪ ብቻ ያ መዘርጋት ተሰማኝና ከአፌ አመለጠኝ። በደስታ ስትጮኺ ደግሞ መልሼ መዋጥ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ያው ነው። ስጨፍን ይሄዳል፣ ስገልጥ የለም።

ደብዳቤውን የጀመርኩት እውነቱን ነግሬሽ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ባለሽበት ቆዪ ብዬ ልዘጋው ነበር። እናትሽም እንደዚያ ብዬ የጻፍኩ ነው የሚመስላት። እዚያች ቦታ ላይ እየደረስኩ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ደህነኛው እጄም «ቆዪ» ብሎ መጻፉን እንቢ አለኝ።

ክፉ አይንካሽ፤ ያሰብሽው ይቃናልሽ።

አባትሽ