ለብቻዬ የቀረበልኝ ምሳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የገዛ ልጄን ፉአድን ሥራ አስኪያጅ ሳደርገው ምነው እጄን በቆረጠው! የጫማ ፋብሪካዬ ፎቅ ላይ ለአለቆች ብቻ የተለየ የምሳ ክፍል አሠራ። አስኮ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንጀምር ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። «እማዬ፣ ድርጅቱ እኮ አድጓል» ይለኛል፤ ያሳደገው እሱ ይመስል!

ንዴቴን ይዤ ሠራተኞቹ ጋ ወረድኩ። ሳቃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል። ስገባ ጸጥ ብለው ብድግ አሉ። «ቁጭ በሉ! ምን ታፈጡብኛላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ይባስ ብለው ተሸማቀቁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራኝ ጫማ የሰፋችው ዘይነባ፣ ያኔ ከአፌ ነጥቃ የምትበላው ዘይነባ፣ ከትሪያቸው ቆርሳ በንጹሕ ሰሃን ለብቻዬ አቀረበችልኝ።

«ፎቅ ይሻልዎት ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

እትዬ!

ሰሃኑን ገፍቼ ወጣሁ። ደረጃውን ሳላጋምስ ሳቁ እንደገና ጀመረ።